የባክላይት ዱቄት አንዴ ሲሞላ አንዴ ሲጎድል፦ ፍሰቱን በምን እንለካ?

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለን። በሃይድሮሊክ ፕሬስ ከባክላይት ዱቄት የመጥበሻና የድስት እጀታ እንሠራለን። ዱቄቱ በጆንያ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንዱ ጆንያ ሞልዱን ሞልቶ በጠርዙ ይፈሳል። ሌላው የእጀታውን ጫፍ ሳይሞላ ይጠነክራል። ሲጎድልብን ሙቀት እንጨምራለን፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል። ክረምት ላይ ደግሞ እጀታው ያብጣል። እርጥበቱ እንዲወጣ ብለን ዱቄቱን በትሪ አድርገን ፕሬሱ ላይ እናስቀምጠዋለን። አቅራቢው ‹ሚዲየም ፍሎው ነው› ከማለት ውጪ ወረቀት አይሰጥም። አንድ ወዳጃችን የሜልት ፍሎው ማሽን ያለበት ላብ አውቃለሁ ብሎናል። እዚያ እናስለካው ወይስ እኛው የምንለካበት መንገድ አለ?»

ምላሽ፦ አስቸኳዩን ላስቀድም። ዱቄቱን ሜልት ፍሎው ማሽን ውስጥ እንዳታስገቡት። ያ ማሽን የተሠራው ለፖሊኢታይሊንና (ለፌስታሉ ፕላስቲክ) ለመሰሎቹ ነው። ለፖሊኢታይሊን በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ 2.16 ኪሎ ክብደት ይጫንበታል፤ 2.095 ሚሊሜትር በሆነች ቀዳዳ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደወጣ ይመዘናል። ፖሊኢታይሊን እስከሞቀ ድረስ ቀልጦ ይቆያል። ባክላይት ግን እዚያው በርሜሉ ውስጥ ይጠነክራል። ለማሞቂያ የሚሰጡት ደቂቃዎች ብቻ ይበቁታል። ከዚያ በኋላ አይቀልጥም፤ ተፈልፍሎ ካልሆነ አይወጣም። የላቡ ባለቤት ዳግመኛ በሩን አይከፍትላችሁም።

ሁለተኛው መልስ ደስ የሚል ነው። ባላችሁ ፕሬስ፣ በአንድ ጥሩ ሚዛንና በሞባይል ሰዓት የሚጠቅማችሁን ያህል መለካት ትችላላችሁ። ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው የምትለኩት። ችግራችሁም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ኬሚስቱ ሊዮ ቤክላንድ ባክላይትን የሠራው እ.ኤ.አ. 1907 ነው። ዛሬ በጆንያ የሚመጣላችሁ ዱቄት ከዚያው ቤተሰብ ነው። ለእጀታ የሚሸጠው በብዛት ኖቮላክ የሚባል የፌኖል ሙጫ፣ ሄክሳሚን የሚባል ማጠንከሪያና እንደ ዱቄት የደቀቀ እንጨት ተቀላቅለውበት ነው። ትኩስ ሞልድ ላይ ሲያርፍ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ሙጫው ይለሰልሳል፤ መፍሰስ ይፈልጋል። በዚያው ቅጽበት ሄክሳሚኑ ሥራውን ይጀምርና ሙጫውን እርስ በርሱ ያስራል። መጀመሪያ ላይ ልስላሴው ያይላል። ቆይቶ ማሰሩ ይበረታል። በመሃል ዱቄቱ ቀልጦ በጣም ቀጭን፣ ማለትም በቀላሉ የሚፈስ፣ የሚሆንባት አጭር ጊዜ አለች። ሞልዳችሁ የሚሞላው በዚያች ጊዜ ነው። ካለፈች በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጫኑ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

እንግዲህ «ሚዲየም ፍሎው» ስትባሉ ምን ተነገራችሁ? ብዙም አልተነገራችሁም። አንዱ ዱቄት ቀጭን ሆኖ ቶሎ የሚጠነክር ሊሆን ይችላል። ሌላው ወፍራም ሆኖ ግን የሚታገስ። ሁለቱም በአንድ ፈተና እኩል ርቀት ሊፈሱ ይችላሉ። እናንተ ሞልድ ውስጥ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ሙቀት ስትጨምሩ የሚብሰውም በዚህ የተነሳ ነው። ሙቀት ዱቄቱን ያቀጥነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ማጠንከሩንም ያፋጥነዋል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ካለፈ ይቀንሳል። ፌኖሊክ (እንደ ባክላይት ያለ የፌኖል ሙጫ ቁስ) ብዙውን ጊዜ የሚጫነው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። እናንተ 175 ላይ ሆናችሁ ሲጎድልባችሁ ወደ 185 ከወጣችሁ፣ የቀረችውን አጭር ጊዜ ጭራሽ ታሳጥሯታላችሁ። እንዲያውም በብዙ ወርክሾፕ የጎደለ ሥራ የሚስተካከለው ሙቀቱን ዝቅ በማድረግ ወይም ሞልዱን ቶሎ በመዝጋት ነው። ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ አያምኑም። ሁለት ሙቀት ላይ ሞክረው ሲያዩት ያምናሉ።

ትላልቅ ፋብሪካዎች በምን እንደሚለኩ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ወረቀት ሲመጣላችሁ እንድታነቡት ይረዳል። አንዱ የጥምዝ ፍሰት ፈተና ነው። ሞልዱ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ተቀርጿል። ቁሱ ከመሃል ይገፋል፤ እስኪጠነክር ምን ያህል እንደተጓዘ ይለካል። ኤኤስቲኤም ዲ3123 የሚባለው የአሜሪካ የፈተና ደረጃ ይህንን በ150 ዲግሪና በ6.9 ሜጋፓስካል ግፊት ይሠራዋል። ሌላው የኩባያ ፈተና ነው፤ ኤኤስቲኤም ዲ731 ከዚህ ወገን ነው። የተመዘነ ዱቄት ኩባያ በሚያወጣ ሞልድ ይጫናል። በአንዳንዱ አሠራር ሞልዱ እስኪዘጋ የፈጀው ሰከንድ ይመዘገባል፤ በሌላው ደግሞ ለመዝጋት የፈለገው ኃይል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በኔ አስተያየት ቶርክ ሪዮሜትር ነው። ዱቄቱ በሞቀ ክፍል ውስጥ እየተቦካ፣ የሚያቦካው ዘንግ ምን ያህል እንደከበደው ይጻፋል። መስመሩ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ታች ላይ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። ምን ያህል ቀጠነ? ለስንት ጊዜ? መቼ ያዘ? ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ይታያሉ። መሣሪያው ውድ ነው። እናንተ ያንኑ መስመር በሁለት ቀላል ፈተና ጫፍና ጫፉን መያዝ ትችላላችሁ።

አንደኛው የክብ ፈተና ነው። ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ሳህኖች ቶርኖ ቤት አሠሩ። ወርዳቸው 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ፊታቸው በደንብ የተወለወለ። ፕሬሱ ላይ እሰሯቸውና 150 ዲግሪ እስኪደርሱ ጠብቁ፤ ሲደርሱም ትንሽ ቆዩ፤ ብረቱ ውስጥ ድረስ መሞቅ አለበት። 10 ግራም ዱቄት በወርቅ ሚዛን መዝኑ። መሃል ላይ ከምሩት፤ ወዲያው ዝጉ። ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ክፈቱ። ስስ ክብ ታገኛላችሁ። ወርዱን በሁለት አቅጣጫ በካሊፐር ለኩና አማካዩን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስቱ እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት በሁለት ጆንያዎች መካከል ካለው ልዩነት ከበለጠ፣ ገና ምንም አላወቃችሁም፤ አሠራራችሁን አስተካክሉ።

አሠራር ስል ምን ማለቴ ነው? ዱቄቱ ሳህኑ ላይ ካረፈበት እስከተጫነበት ያለው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል መሆን አለበት። አምስት ሰከንድ ካላችሁ ሁልጊዜ አምስት ሰከንድ። አንዱ ሠራተኛ ሲጭን ስልክ ቢያነሳ ውጤቱ ተበላሸ። ሳህኑ እንዳይጣበቅ የምትቀቡት ሰምም እጅግ ስስና ሁልጊዜ እኩል ይሁን። ዱቄቱንም ከጆንያው አፍ ብቻ አትውሰዱ። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ የላመው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ወስዳችሁ ደባልቁ።

የክቡ ወርድ ትንሽ ሲለያይ አትናቁት። ከ100 ወደ 110 ሚሊሜትር ማደግ ቀላል ይመስላል፤ የስፋቱ ልዩነት ግን 21 በመቶ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመርጋት ጊዜ ነው። አንድ ግራም ገደማ ዱቄት 150 ዲግሪ በሆነ ንጹሕ የብረት ገጽ ላይ አድርጉ። ሰዓቱን አስነሱ። በጠፍጣፋ ብረት አሹት፣ ገልብጡት፣ ዘርጉት። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ስታነሱት ክር ያወጣል። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ይቆማል፤ ቁሱ እንደ ላስቲክ ይሆንና ከብረቱ ይላቀቃል። ሰዓቱን እዚያ ላይ አቁሙ። የሚያሸው ሰው አንድ ይሁን። የእጅ ጠባይ ከሰው ሰው ስለሚለይ፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ቢሠራው ልዩነቱ የዱቄቱ ይሁን የሰዎቹ አታውቁትም።

ይህን ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ፣ ፊታችሁን ከጢሱ አርቁ። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ከሄክሳሚኑ ይወጣል። ከሱ ጋር ፌኖልና ፎርማልዴሃይድም አለ። ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። ይህ ለፈተናው ብቻ ሳይሆን ለዕለት ሥራችሁም ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ መጫን ይቅር። ከፕሬሱ በላይ ጢሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምትለኩት ቁጥር ለብቻው ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው ከሌላ ዱቄት አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ሥራ አምሮ በወጣበት ሰሞን ከዚያው ጆንያ ሁለት ኪሎ ያህል ቀንሱ። ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። መመዘኛችሁ እሱ ነው። አዲስ ጆንያ በመጣ ቁጥር አዲሱንና መመዘኛውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ሰው እጅ ፈትኑ። መመዘኛውም ዕድሜ አለው፤ ዓመት ሳይሞላው በሌላ ጥሩ ዱቄት ተኩት። ስትተኩትም ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትናችሁ ነው።

ከዚያ ውጤቱ ራሱ ይናገራል። መመዘኛውም አዲሱም ከወትሮው እኩል ቢለወጡ ጥፋቱ የዱቄቱ አይደለም። ፕሬሱን ወይም ቴርሞሜትሩን መርምሩ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ከአቅራቢው ጋር ይጣላል።

አዲሱ ክብ ከመመዘኛው ሰፍቶ፣ የመርጋት ጊዜው ብዙም ካልተለወጠ እርጥበትን ጠርጥሩ። ውኃ ሙጫውን ያለሰልሰዋል። የእንጨት ዱቄቱ ደግሞ ውኃ ይወዳል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ አፉ የተከፈተ ጆንያ ወለል ላይ ቢያድር ውኃ መምጠጡ የማይቀር ነው። በጠርዝ የሚፈሰውም፣ የሚያብጠውም እጀታ ምንጩ አንድ ነው ማለት ነው። ውኃው መጀመሪያ ያፈሰዋል፤ ኋላ እንፋሎት ሆኖ ይነፋዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከተጠረጠረው ዱቄት ትንሽ ወስዳችሁ በስሱ ዘርግታችሁ ሲሊካ ጄል ባለበት ዝግ ዕቃ ሁለት ቀን አቆዩት። ደግማችሁ ፈትኑ። ክቡ ወደ መመዘኛው ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፤ ውኃ ነበር። በከተማችሁ የቡና ነጋዴ እርጥበቱን ሳያይ ቡና አይረከብም፤ እናንተም ዱቄት ስትረከቡ እንደዚያ ሁኑ።

ክቡ ጠቦ የመርጋት ጊዜውም ካጠረ ሌላ ታሪክ ነው። ዱቄቱ ሞልድ ሳያይ መጠንከር ጀምሯል። ወይ አርጅቷል፣ ወይ ፀሐይ በሚመታው መኪና ላይ ቆይቷል፣ ወይ ደግሞ እናንተው ጀምራችሁታል። አዎ፣ ትሪውን ማለቴ ነው። ዱቄትን ቀድሞ ማሞቅ በራሱ ክፉ አይደለም። ፋብሪካዎችም ያደርጉታል፤ ግን በልክና በእኩል ጊዜ። ፕሬስ ላይ የተቀመጠ ትሪ ልክ የለውም። የመጀመሪያው ማንኪያ አምስት ደቂቃ ሞቆ ይገባል፤ የመጨረሻው ምሳ ተበልቶ እስኪመለስ ይጠብቃል። አንድ ጆንያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዱቄት የፈጠራችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከትሪው መጀመሪያ ላይና ከሰዓት በኋላ ወስዳችሁ የመርጋት ጊዜውን አነጻጽሩ። ልዩነት ካያችሁ ትሪውን ከዛሬ ጀምራችሁ አንሱት። የጀመረ ዱቄት ወደ ኋላ አይመለስም። ግፊት በመጨመር ላድነው የሚል ሰው ጫፉ የሞላ የሚመስል፣ ውስጡ ግን በደንብ ያልተያያዘ እጀታ ያወጣል። ያ እጀታ ትኩስ ዘይት በያዘ መጥበሻ ላይ ሲሰበር የሚጎዳው የገዛው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ዱቄት ጣሉት።

ክቡ ጠቦ የመርጋት ጊዜው ግን እንደ መመዘኛው ከሆነ ዱቄቱ አልተበላሸም። በተፈጥሮው ወፍራም ነው፤ አቅራቢው ሌላ ዓይነት ልኮላችኋል። ይህ በግፊት ወይም ሞልዱን ቶሎ በመዝጋት ሊሠራ ይችላል። መመለስም መብታችሁ ነው።

ስለ ቴርሞሜትር አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ቴርሞካፕላችሁን (የሙቀት መለኪያውን ሽቦ) በሚፈላ ውኃ ስትፈትኑት 100 ዲግሪ አትጠብቁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 94 ካሳየ ደህና ነው። አስተካክላለሁ ብላችሁ ወደ 100 ካመጣችሁት፣ ከዚያ በኋላ ሞልዱ ሁልጊዜ ካሰባችሁት ይቀዘቅዛል።

የሳህኑንም ሙቀት አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። አራቱንም ማዕዘንና መሃሉን እዩ። ክቡ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ከወጣ፣ ወይ አንዱ ሂተር ተቃጥሏል፣ ወይ ሳህኖቹ እኩል አይገጥሙም። መብራት ሲደክምም እንዲሁ ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የሂተሩ ጉልበት በ19 በመቶ ይወርዳል። ማታ ማታ የሚጎድል እጀታ ካላችሁ ዱቄቱን ከመክሰሳችሁ በፊት ቮልቴጁን ለኩ።

ግፊት ላይም ሰው ይሳሳታል። ጌጁ የሚያሳየው የዘይቱን ግፊት ነው እንጂ ዱቄቱ ላይ ያለውን አይደለም። የፒስተኑ ወርድ 10 ሴንቲሜትር ከሆነና ጌጁ 100 ባር ካነበበ ኃይሉ 78.5 ኪሎኒውተን ነው፤ ስምንት ቶን ማለት ይቻላል። የእጀታችሁ ሞልድ ከላይ ሲታይ 40 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ዱቄቱ ላይ ያለው 19.6 ሜጋፓስካል ነው። ሁለት እጀታ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ሞልድ ስታስገቡ፣ ጌጁ ሳይለወጥ ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል። ይህን ሳያስቡ ሞልድ ቀይረው ዱቄቱን የሚያማርሩ አሉ።

ለዕለት ቁጥጥር ደግሞ የራሳችሁ ሞልድ ይበቃችኋል። በኩባያው ፈተና ሐሳብ ነው የምትሠሩት። ዱቄቱን ሁልጊዜ መዝናችሁ አስገቡ። ጌጁ ከተነሳበት ቅጽበት ሞልዱ ሙሉ በሙሉ እስከተዘጋበት ያለውን ሰከንድ ጻፉ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እጀታዎች ብቻ እንዲህ ብታዩ ይበቃል። ጊዜው ከለመዳችሁት ሲረዝም ወይም ሲያጥር የክብና የመርጋት ፈተናውን ሥሩ። ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ጆንያው ላይ ያለውን ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ የጌጁን ንባብ፣ የክቡን ወርድና የመርጋት ጊዜውን መዝግቡበት። ዝናብ ነበር ወይ? እሱንም።

ከዚህ በላይ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ፋኩልቲ አለው። ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ለተማሪም ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። ዲኤስሲ የሚባል መሣሪያ የሚያገኝላችሁ ሰው ካለ፣ ዱቄቱ ሲጠነክር የሚያወጣውን ሙቀት ይለካል፤ ካልተነካ አዲስ ዱቄት ያነሰ ካወጣ፣ የጎደለው ሙቀት ዱቄቱ ቀድሞ ሲጠነክር ወጥቷል ማለት ነው። ፌኖሊክ ሲጠነክር ጋዝና እንፋሎት ስለሚያወጣ ግፊት በሚችል ዝግ ሳህን ካልሆነ ውጤቱ ይዛባል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አቅራቢውን በሚቀጥለው ትዕዛዝ አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት። የተመረተበት ቀን፤ የፍሰቱ ቁጥር፤ የተለካበት ዘዴ፤ ሲለካ የነበረው ሙቀትና ግፊት። ዘዴው ያልተጻፈበት ቁጥር ከ«ሚዲየም» አይሻልም። ወረቀት የለኝም ካለ ናሙና አንድ ኪሎ ይላክላችሁ። በክብና በመርጋት ፈትናችሁ ከመመዘኛው ጋር ከገጠመ ያንኑ ቁጥር ያለውን ጆንያ እዘዙ፤ ካልገጠመ ገንዘቡ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሲደርስም ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ አድርጉት፤ የተከፈተው ወዲያው ክዳን ወዳለው የፕላስቲክ በርሜል ይገልበጥ። ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይውጣ።

አሁን እጃችሁ ላይ ያሉትን ሁለት ዓይነት ጆንያዎች ግን አትደባልቁ። አማካይ ይሰጠናል ብላችሁ እንዳትሞክሩት። አንዱ ውኃ የጠጣ ሌላው የጀመረ ከሆነ፣ ሲደባለቁ የሁለቱንም ችግር በአንድ እጀታ ላይ ታገኛላችሁ፤ የቱ ከየት እንደመጣም መለየት አትችሉም። ለየብቻ ፈትኗቸው፤ የሁለቱን የክብ ወርድና የመርጋት ጊዜ ላኩልኝ፤ በየትኛው ሙቀት እንደሚሠሩ አብረን እናያለን።